መሪው ጠዋት ጠዋት ያቃስታል፤ እውነት ፓምፑ አልቆለታል?

ባለ ኮሮላ፦
ሰላም ወገኖች። የ98 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፣ 1.3፣ ማንዋል። ጠዋት አስነስቼ ከግቢ ለመውጣት መሪውን ስጠመዝዝ እንደታመመ ሰው ታቃስታለች። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል። ፓርክ ሳደርግ እስከ ጥግ ከጠመዘዝኩት ግን ይመለሳል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የመሪ ዘይት ጨምሬያለሁ፤ ያለው ዘይት ቀለሙ ጥቁር ሻይ ሆኗል። ያሳየሁበት ጋራዥ ገና ኮፈኑን እንደከፈተ «የመሪ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ አልቆለታል፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ፈልግ» አለኝ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት እስኪ ምከሩኝ።

የሰሚት ሹፌር፦
ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አይተኸዋል? የላላ ቺንጋ መሪ ስታዞር ይጮሃል።

ባለ ኮሮላ፦
ቺንጋው አዲስ ነው፣ ከተቀየረ ወር አልሞላውም። ድምፁም ጩኸት አይደለም፣ ወፍራም ማቃሰት ነው።

ጋራዥ ያረጀሁ፦
እንግዲያው ቺንጋውን ተወው። ቺንጋ ሲንሸራተት ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይበሳል። የአንተ ፓምፑ ዘይት አጥሮት አየር እየሳበ የሚያሰማው ነው። ሲሞቅ መቀነሱ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል፦ ዘይት ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር በጠባብ ቀዳዳ አያልፍም፣ ሲሞቅ ይቀጥንና ያልፋል። ስለዚህ ጠባብ የሆነው ምን እንደሆነ እንፈልግ።

በብዙ ቶዮታ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ፣ ከታች፣ ደቃቅ ወንፊት አለ። ዓመታት ሙሉ ዘይቱ ሳይቀየር እላዩ ላይ ብቻ ሲጨመርበት ወንፊቱ በጥቁር ዝቃጭ ይደፈናል። በትልቅ ሲሪንጅ ዘይቱን ምጠጥና በባትሪ መብራት ወደ ታች እይ። እኔ በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ፓምፕ ሲጣል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ዘይት የሚቃጠልበት ቦታ የለውም። ሦስት ጊዜ ከጨመርክ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ከማጠራቀሚያው የሚወጡትን ቱቦዎች በእጅህ ዳብስ፣ ማሰሪያቸው አካባቢ እርጥብ ነው? ቀጥሎ ከታች ገብተህ በስቲሪንግ ራኩ (የመሪውን መዞር ወደ ፊት እግሮች የሚያደርሰው ክፍል) ጫፎች ያሉትን የተሸበሸቡ የጎማ ሽፋኖች ጨመቅ አድርግ። ውስጣቸው ዘይት ካለ የራኩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል ማለት ነው፤ እሱ ከበድ ያለ ሥራ ነው። ለመሆኑ ስትጨምር የነበረው ምን ዘይት ነው?

ባለ ኮሮላ፦
ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ። ሁለቴ ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። አንዴ ግን መንገድ ላይ ሌላ አጥቼ የፍሬን ዘይት ጠብ አድርጌበታለሁ።

ጋራዥ ያረጀሁ፦
ቀዩ ልክ ነው፤ ያንተ ኮሮላ ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለውን ቀይ ዘይት ነው የምትፈልገው። የፍሬን ዘይት ግን የመሪን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋል። ዛሬ ነገ ሳትል ሁሉንም አውጣው። የፊቱን በክሪክ አንሣና ድጋፍ አስገባበት፣ በክሪክ ብቻ አትተማመን። ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰውን ቱቦ ነቅለህ ጫፉን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስገባ፣ የተነቀለበትን ቀዳዳ ድፈነው። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው መሪውን ከጥግ ጥግ ቀስ እያለ ያዙር፣ አንተ ከላይ አዲስ ዘይት እየጨመርክ ተከተል። ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን፣ አየር ይገባል። ጥርት ያለ ቀይ ሲወጣ ታቆማለህ። 2 ሊትር ያዝ፤ የፍሬን ዘይት ባይገባበት ኖሮ ከዚያ ባነሰ ይበቃህ ነበር። ቱቦውን መልሰህ ካሰርክ በኋላ አስነሣና አረፋው እስኪጠፋ ከጥግ ጥግ አመላልሰው። ጥግ ላይ ይዘህ ግን አትቆይ፣ እዚያ ላይ ግፊቱ የመጨረሻ ስለሆነ ዘይቱ ይፈላል።

ሜሪላንድ ያለሁ፦
ይህን አንብባችሁ ሆንዳ ውስጥ ቀዩን እንዳትጨምሩ። ሆንዳ የራሱ የመሪ ዘይት አለው። ብዙ የጀርመን መኪናዎች ደግሞ አረንጓዴ ነው የሚጠቀሙት። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ባለ ቪትዝ፦
እኔ የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያውን ግማሽ ቀን ፈልጌ አጣሁት 😅

የሰሚት ሹፌር፦
የለውማ! ያንተ ቪትዝ መሪ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው። ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምልክት በርቶ መሪው ከከበደህ መጀመሪያ ባትሪህንና ዲናሞህን አስለካ። ደግሞ ያገኘኸው ክዳን ውስጥ ሁሉ ዘይት አትጨምር።

ባለ ኮሮላ (ከአራት ቀን በኋላ)፦
ጋሼ እጅዎ ይባረክ። ወንፊቱ በእውነት አይታይም ነበር፣ ጥቁር ጭቃ ለብሶ። ማጠራቀሚያውን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩት፣ በደንብ አደረቅኩት። የመመለሻው ቱቦ ማሰሪያም ላልቶ ኖሯል፤ ከሥሩ ያለው ብረት በሙሉ ዘይት ጠጥቶ አቧራ ይዟል። ዘይቱን እንዳሉኝ ቀየርኩ። ዛሬ ጠዋት ከግቢ ስወጣ ድምፅ የለም፣ ሚስቴ ሳትቀር «ምን አደረግካት?» አለች። አንድ የቀረኝ፦ በሹፌሩ በኩል ያለውን የራክ ጎማ ስጨምቀው ጣቴን ትንሽ ያረጥበዋል።

ጋራዥ ያረጀሁ፦
ጎማውን ጠርገህ አድርቀው። ከዚያ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ዘይቱ ማጠራቀሚያው ላይ የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምር፣ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት እይ። ካልወረደ እንደዚሁ ንዳት። ከወረደ ራኩ ይፈታል፤ ያኔ ጎሚኒውን ብቻ የሚቀይር ሰው ፈልግ እንጂ ሙሉ ራክ አትግዛ።