ኮሮላዬ ዳገት ላይ ታንቃለች፤ የአየር ሴንሰሩ ነው ወይስ ቱቦው?

መኪናዬ የ2004 ኮሮላ ናት፤ 1.8 ሞተር፣ ማንዋል። ሦስት ሳምንት ሆናት፣ የእንጦጦን ዳገት ስይዝ ጉልበት ታጣለች። ነዳጅ ስሰጣት ታንቃለች። ስቆም ደግሞ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳልሰጣት ያለው የሞተር ዙር) ይወርድና ትጠፋለች። የሞተር መብራቷ በርቷል፤ ኮዱ ፒ0171 ነው፣ አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው።

ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካውን የአየር ፍሰት ሴንሰር ፈትቼ ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ አጠብኩት። ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ በጨርቅ እንኳ አልነካሁትም። ሁለት ቀን ደህና ሆነችልኝ፤ ከዚያ ያው አመሏ ተመለሰ።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው፦ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅዬ ስነዳት ዳገቱን በተሻለ ትወጣለች፤ ይሄ ሴንሰሩን ያስጠረጥራል። ግን ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦም እጥፋቱ ላይ ስስ ስንጥቅ አለው።

ሴንሰር ውድ ነው። ከመግዛቴ በፊት ጥፋቱ የሴንሰሩ ይሁን የቱቦው በምን ልለየው?