መንፈሱን ከጠበል አድኑልኝ

ለወጣቶች የፍቅር ልብ ወለድ እየጻፍኩ መሃል ላይ ተቀርቅሬያለሁ። መነሻዬ የታወቀው አፈ ታሪክ ነው፦ አፄ በካፋ (ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. የነገሠው) ማንነቱን ደብቆ ሲጓዝ ቋራ ላይ ታመመ፤ ምንትዋብ አስታማ አዳነችው፤ በኋላም አገባት። በእኔ ታሪክ ግን ታማሚው አልዳነም። መንፈሱ ዛሬ ጎንደር በሚገኘው የምንትዋብ ቤተ መንግሥት፣ በቁስቋም ፍርስራሽ መሃል ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፍቅር ይዞታል።

ችግሬ እናትየዋ ናት። ልጇ ሌሊት ብቻዋን ስታወራ ከሰማች ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበል ይዛት ትሄዳለች። የትኛዋ የጎንደር እናት ዝም ትላለች? መንፈሱ ለቆ ይሄዳል፣ መጽሐፌም ምዕራፍ ሦስት ላይ ያልቃል! እናትየዋን ገጠር መላክ ደግሞ ርካሽ ማምለጫ መሰለኝ።

ሞኝ ሳላደርጋት፣ እምነቷንም ሳልነካ፣ ፍቅሩን እንዴት ላቆየው? አያቶቻችሁ ስለ ቁስቋም የሚያወሩት ካለም ጣል አድርጉልኝ።