ለዲቪ ማመልከቻ የሚሆን ፎቶግራፍ

ጥያቄ፦ እኅቴ ፒያሳ ከሚገኝ ፎቶ ቤት የተነሣችውን ፎቶግራፍ ቅጹ አልቀበል ስላለን፣ መጠኑን በስልክ ብቀንሰው መልኳ ይደበዝዝ ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ፤ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምስሉ ጄፔግ (JPEG) በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት የተቀመጠ፣ 600 በ600 ፒክስል የሆነና ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት። ዋናውን ፋይል ከፎቶ ቤቱ በፍላሽ ይቀበሉና ጎኖቹን እኩል አድርገው ይቁረጡት፤ በቴሌግራም የሚላክልዎ ከሆነ ግን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲላክ አጥብቀው ይጠይቁ፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

ሌላ መልስ፦ መነጽር አይፈቀድም። ፎቶግራፉም ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሣ ይሁን፤ የአምናውን መልሶ መላክ ማመልከቻውን ውድቅ ያደርገዋል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነገ ፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ።