ለጂን ምርመራ ደም ወዴት ይላካል?

ልጄ 7 ወሩ ነው፤ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሳንባ ምች ይመላለስበታል። አፉን ነጭ ነገር ይሸፍነዋል፤ የቢሲጂ ክትባቱ ቦታም እስካሁን ይመግላል። ኤችአይቪ የለበትም፣ ሲዲ 4 የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎቹ ቁጥር ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። የእናቱ ወንድምም በጨቅላነቱ እንዲሁ ሆኖ ሞቷል።

ሐኪሙ በዘር የሚመጣ የበሽታ መከላከያ ጉድለት ጠርጥሯል። መድኃኒት እየወሰደ ነው። ልሳመው የሚለውን ሁሉ አያቱ በር ላይ ይመልሳሉ፤ እኛ አገር ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ!

ስለ ጂን ሕክምና አነበብኩ። የልጁን የራሱን የመቅኔ ሴሎች አውጥተው፣ ጤነኛውን ጂን አስገብተው ይመልሱለታል። አውሮፓ በፈረንጆቹ 2016 ያጸደቀው ግን ኤዲኤ ለሚባለው ጂን ጉድለት ብቻ ነው። የእኛ ሌላ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ የጠየቅኩት ላቦራቶሪ የጂን ምርመራ አንሠራም አለኝ።

ለጂን ምርመራ ደም ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚልክ የትኛው ላቦራቶሪ ነው?