ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲና የፕሬዚዳንቱ ተጠያቂነት

ጠያቂ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ተቋም ከሆነ ወዲህ፣ ፕሬዚዳንቱ ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ ይበልጥ ተጠያቂ ይሆናል ብላችሁ ታምናላችሁ?

መላሽ 1፦ ሕጉ የአካዳሚክ፣ የአስተዳደርና የፋይናንስ ነጻነት መስጠቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ የቦርድ አባላት የሚሰየሙበት መንገድ ግልጽ ካልሆነ፣ ነጻነቱ ወረቀት ላይ እንዳይቀር አጥብቄ እሰጋለሁ።

መላሽ 2፦ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስተምር ሰው፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ማለፊያ የሆነውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ታዲያ የእኛ ዓይነት ተቋም ራስ ገዝ ሲሆን ከፋይ ተማሪ ከየት ያገኛል?

ጠያቂ፦ እውነት ነው፤ መንግሥት ለድሃ ተማሪዎች የሚመድበው ድጋፍ አስቀድሞ በግልጽ ሊታወቅ ይገባል።