የኮቱ ኮሌታ ከአንገት ይርቃል፣ እጅጌው ከኋላ ይጨማደዳል፤ ገበር ከመግባቱ በፊት ምን ይስተካከል?

ጥያቄ፦ የጥር ሙሽራ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰርጌ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ በልኬ እያሰፋሁ ነው። ጨርቁ 3.5 ሜትር፣ ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሻጩ ንጹሕ ሱፍ ነው ብሎኛል። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለካሁት፤ ኮቱ በነጭ ክር ላላ ተደርጎ የተያያዘ ነው፣ ኪስም ገበርም ገና የለውም። የኮቱ ኮሌታ ከሸሚዙ ኮሌታ አንድ ጣት ያህል ይርቃል። እጆቼን ዝቅ ሳደርግ እጅጌው ከክርኔ በላይ፣ በኋላ በኩል በሰያፍ ይጨማደዳል። ስቆልፈው ደግሞ ሆዴ ላይ ይወጠራል። ሰፊው «ካውያ ሲያርፍበት ይስተካከላል» ይላል። ደረቱ ላይ የሚያስገባውም ሙጫ ያለውን ማጠንከሪያ (በካውያ ሙቀት ከላዩ ጨርቅ ጋር የሚጣበቅ የውስጥ ጨርቅ) ነው። ልመነው ወይስ እንዲፈታው ልጠይቅ? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለምውል ትከሻዬ ትንሽ ወደፊት ጎበጥ ይላል።

መልስ፦ ክርና መርፌ
እንዲፈታው ጠይቀው፤ ኮት በነጭ ክር ተይዞ የሚለካው ለዚሁ ነው። አሁን ክሩን መበጠስ የደቂቃ ሥራ ነው። ኪስ ከተቀደደና ገበር ከገባ በኋላ ግን የትከሻ ስፌት መንካት ማለት ኮቱን እንደገና መሥራት ነው።

የካውያውን ነገር በባዶ አላለውም። ሱፍ በእንፋሎት ይሰበሰባልም፣ ይለጠጣልም፤ የደረቱ ቅርጽ የሚወጣውም በዚሁ ነው። የአንድ ጣት ክፍተት ግን በካውያ አይዘጋም። ለዕለቱ የተዘጋ ቢመስል እንኳ እርጥበት ሲያገኘው ይመለሳል።

ኮሌታውን ከመንካቱ በፊት ግን ይህን አጣራ። ለሰርጉ የምትለብሰውን ሸሚዝ ለብሰህ፣ ሳትገተር እንደወትሮህ ቁም፤ ሌላ ሰው በወገብህ ቁመት ከጎን ፎቶ ያንሳህ። ከዚያ የኮቱን የታች ጠርዝ ተመልከት። ከፊት ወርዶ ከኋላ ከፍ ካለ ጥፋቱ የኮሌታው አይደለም፤ ጀርባው አጥሯል ማለት ነው። ጎበጥ ያለ ሰው ጀርባው ከፊቱ ረዘም ያለ ጨርቅ ይፈልጋል፤ ያንን ሲያጣ ኮቱ ወደታች ይጎተትና ኮሌታውን ከአንገት ያርቀዋል። ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ግን ኮሌታው ከአንገቱ ዙሪያ ረዝሟል፤ ተፈትቶ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ማሳጠር ይበቃዋል።

ከኮሌታው በታች ጀርባህ ላይ አግድም እጥፋት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የሚመጣው ትከሻው ቀጥ ባለ ሰው ላይ ነው፤ እጥፋቱን በስፒል ቆንጥጦ በቆነጠጠው መጠን የጀርባውን የአንገት ቅድ ዝቅ ማድረግ ነው።

መልስ፦ ሜትሮ
እኔ ስለ እጅጌው ልጨምር። ከኋላ በኩል የሚጨማደድ እጅጌ ክንድህ ከእጅጌው ይልቅ ወደፊት እንደሚንጠለጠል ያሳያል፤ ትከሻው ጎበጥ ባለ ሰው ላይ የተለመደ ነው። ጭምድዱ ከፊት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። መፍትሔው ማጥበብም ማስፋትም አይደለም፣ ማዞር ነው። ሰፊው እጅጌውን ይፍታና አንተ እጅህን ለቀቅ አድርገህ በቆምክበት፣ የእጅጌው አፍ (በእጅ አንጓ በኩል ያለው ጫፍ) ወደፊት እንዲመጣ ቀስ እያለ ያዙረው። ጭምድዱ የጠፋበት ቦታ ላይ በስፒል ይያዘውና ኮቱም እጅጌውም ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር በላይ አይፈልግም። ሁለቱን እጆች ለየብቻ ይለካ፤ ቀኝና ግራ እኩል የሚንጠለጠልለት ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ሲሠራ ስልክ አትያዝ። ክርንህ ከታጠፈ ምልክቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሆድህ ላይ ስለሚወጠረው፦ ኮቱ ተቆልፎ በቁልፉና በሸሚዙ መካከል መዳፍህ ሳይጨነቅ መግባት አለበት። ካልገባ የሁለቱ ጎን ስፌቶች ይለቀቁ። በእያንዳንዱ ስፌት፣ በሁለቱም ጨርቅ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢለቀቅ በጠቅላላው 2 ሳንቲ ሜትር ታገኛለህ። ይህን ግን መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ጀርባው ሲስተካከል ኮቱ ቦታውን ስለሚይዝ ውጥረቱ በከፊል በራሱ ሊላላ ይችላል።

መልስ፦ ሱፍ ሻጭ
ጨርቁን ፈትነኸዋል? ገበያ ላይ ሙሉ ልብስ ሁሉ «ሱፍ» ስለሚባል ቃሉ ምንም አያረጋግጥልህም። ከቁራጩ ጠርዝ አንድ አግድም፣ አንድ ቁም ክር ምዘዝና ለየብቻ በክብሪት አቃጥላቸው። ሱፍ እንደ ጸጉር ይሸታል፤ አመዱን በጣትህ ስትፈጨው ይደቃል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሁለቱም ከታዩ ድብልቅ ነው፤ የሚጣል አይደለም፣ ግን በእንፋሎት እንደ ሱፍ አይታዘዝም።

ማጠንከሪያውን በተመለከተ ሙጫ ያለው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ችግሩ አጣበቁ ላይ ነው። እንደ ሙጫው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ሙቀት፣ እኩል ክብደትና የተወሰነ ሰከንድ ይፈልጋል፤ በእጅ ካውያ ይህን በሁሉም ቦታ እኩል መስጠት ከባድ ነው። በደንብ ያልያዘው ቦታ ከጥቂት ላውንደሪ በኋላ ይለቅና ደረቱ ላይ እንደ ውኃ ቋጠሮ ያብጣል። ያ ደግሞ አይጠገንም።

ሰፊውን በሙጫው ፈንታ በስፌት የሚያዝ፣ የፈረስ ጸጉር ያለበት ሸራ ይኖረው እንደሆነ ጠይቀው። በገንዘብ ካልተቻለ ደረቱና የኮሌታው ክንፍ ብቻ በሸራ ቢሠሩ ትልቁ ጥቅም ይገኛል። ሸራው ከመቆረጡ በፊት ውኃ ውስጥ ተነክሮ በጥላ ይድረቅ፤ ካልሆነ ኋላ ላይ ውስጡ ተሰብስቦ የላዩን ጨርቅ ያጨማድደዋል።

የጥር ሙሽራ
እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶውን ተነሣሁ፤ ጠርዙ ከፊት በ1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዷል። ጨርቁ ሲቃጠል በሁለቱም ክር ጸጉር ጸጉር ሸቷል፣ እንክብል የለውም። ሰፊው በጀርባው ትከሻና አንገት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ እንደተወ አሳየኝ። ይበቃል?

መልስ፦ ክርና መርፌ
ይበቃል፤ ትርፍ የሚተው ሰፊ ስላገኘህ ደስ ይበልህ። የትከሻ ስፌቱ ይፈታና የጀርባው ጨርቅ በአንገት በኩል 1 ሳንቲ ሜትር ወደላይ ይለቀቅ፤ ወደ ትከሻው ጫፍ ሲሄድ እየቀነሰ ያልቃል። ሁሉንም 1.5 በአንድ ጊዜ አትልቀቁ። አያይዞ ያልብስህና ጠርዙን እንደገና ተመልከቱ፤ ከጎደለ ያኔ ይጨመራል። ኮሌታው የሚለካው ከዚህ በኋላ ነው፣ እጅጌው ደግሞ ከኮሌታው በኋላ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይበላሻል።

ሁለተኛ ልክ ሳታደርግ ገበር እንዳይገባ። ያን ቀን የሰርጉን ጫማ ይዘህ ሂድ፤ የሱሪው ርዝመት ያለ ጫማ አይለካም። ሱሪው ከኋላ መቀመጫው ላይ፣ ስፌቱ ውስጥ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ጨርቅ ይኑረው።

መልስ፦ ሜትሮ
የገናን ጾም የምትጾም ከሆነ የወገቡን ልክ አሁን አታስጨርሰው። 40 ቀን ከምናምን ጾመህ የተለካ ወገብ፣ ገናንና ጥምቀትን በልተህ ስትለብሰው ያው አይሆንም። ከገና በኋላ አንድ ሳምንት ቆይተህ ተለካ፤ የሱሪው ወገብና የቁልፉ ቦታ እስከዚያ በነጭ ክር ይቆዩ።

መልስ፦ ሱፍ ሻጭ
በመጨረሻ ሲተኮስ ካውያው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ፤ ያብለጨልጨዋል፣ ያ ብልጭታም በቀላሉ አይለቅም። ንጹሕ ነጭ ነጠላ አርጥቦ፣ ጨምቆ፣ ሁለት እጥፍ አድርጎ ጨርቁ ላይ ማንጠፍ ነው። ካውያውን አይጎትት፤ ይጫን፣ ያንሣ፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ይጫን። ከዚያ ኮቱ እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪቀዘቅዝ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ላይ ይዋል፤ በሙቀቱ ከተለበሰ ክርንህና ወገብህ ላይ እጥፋት ይይዛል።