መብራት ኃይል ቀጥሎ ብሩን የት ያውል፦ ሌላ ግድብ፣ ኤክስፖርት ወይስ የሰፈር ትራንስፎርመር? (የባህር ዳር ልጆች ክርክር)

የሽንብጡ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ስለ ጣና ስናወራ ነገሩ ወደ መብራት ሄደና ሳንቋጨው ቀረ፣ ስለዚህ ዛሬ ለብቻው ላውጣው። ህዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5150 ሜጋዋት፣ ሁላችንም የቻልነውን ቦንድ ገዝተንበታል ደስም ብሎናል። የኔ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ነው። መብራት ኃይል (በ2006 አመንጪውና አከፋፋዩ ለሁለት ቢከፈልም እኛ ያው መብራት ኃይል ነው የምንለው) ካርቦን ለመቀነስ ብሎ ቀጥሎ ብሩን ምን ላይ ያውለው? ሌላ ግድብ? ወደ ጎረቤት አገር የሚሄድ መስመር? ወይስ የሰፈር ትራንስፎርመርና ሽቦ?

እኔ ሶስተኛውን ነኝ። ሌላው አገር ካርቦን ቀነስኩ የሚለው የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ዘግቶ ነው፣ እኛ ግን የምንዘጋው ጣቢያ የለንም፣ መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የቀረውም በአብዛኛው ንፋስ ነው። የኛ ጭስ ያለው ማድቤት ውስጥ ነው። መብራት የገባለት ቤት ሄዳችሁ እዩ፣ አምፖሉ ስር የከሰል ምድጃ አለ፣ ሱቁ በረንዳ ላይ ጀነሬተር አለ፣ ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ በናፍጣ ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ጭራሽ መስመር አልደረሰውም። ታዲያ ጉባ ላይ ሌላ ሺ ሜጋዋት ቢጨመር የሽንብጥ ምድጃ በምን ይጠፋል?

ኢንጂነር ዘንዘልማ፦
ወንድሜ ሀሳብህን አልጠላሁትም፣ ግን በየትኛው ብር? ለዓመታት እኮ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ነበር ሲሸጥ የነበረው፣ በዛ ዋጋ ምሰሶ እንኳን አይተከልም። በ2011 ተስተካከለ፣ በመስከረም 2017 ደግሞ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ አራት ዓመት የሚሄድ ታሪፍ ወጣ፣ ሰው ሁሉ አማረረ፣ እኔም ከፋይ ነኝ ይገባኛል። ግን መዳቡ፣ ሽቦው፣ ኢንሱሌተሩ በዶላር ነው። ዶላር የሚያመጣው ማነው? ከ2003 ጀምሮ ጅቡቲ፣ ከ2015 ጀምሮ 200 ሜጋዋት የምትወስደው ኬንያ፣ ሱዳንም አለች፣ በቅርቡ ደግሞ እነዚህ ዳታ ማይኒንግ የሚባሉት፣ ቢትኮይን የሚያመነጩት። ኤክስፖርቱን ካቆምክ የሰፈርህን ትራንስፎርመርም አቆምክ ማለት ነው።

ሌላው፣ ካርቦን ድንበር አያውቅም። ጅቡቲ ከኛ መግዛት ሳትጀምር በናፍጣ ነበር የምታመነጨው። እዛ የጠፋው ናፍጣ እዚህ ከጠፋው በምን ያንሳል?

የሽንብጡ፦
አቁም አላልኩም። ቅደም ተከተሉን ነው ያልኩት።

እትዬ የሺ (እንጀራ)፦
እኔም ልናገር ልጆቼ፣ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ። እንጀራ ጋግሬ ለሆቴል ነው የማስረክበው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መድረስ አለበት። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ኃይሉ በጣም ይወርዳል፣ አምፖሉ ራሱ ቀይ ይሆናል። ያን ጊዜ ሊጡን ሳዞረው መሃሉ ብቻ ይበስላል ዳሩ ይነጣል፣ አይን አያወጣም፣ አክንባሎውን ሳነሳው ጠርዙ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይሄ ለሆቴል አይሄድም፣ ቤት ውስጥ ለፍርፍር ነው የሚሆነው። ስለዚህ ምን አደርጋለሁ፣ ከጓሮ ያለውን የእንጨት ምድጃ አላፈርሰውም። የመብራትም እከፍላለሁ የእንጨትም እከፍላለሁ። ወይ ደግሞ እኩለ ሌሊት ተነስቼ እጋግራለሁ፣ ያኔ ምጣዱ እሳት ነው የሚሆነው፣ ግን እንቅልፍ የለም።

ሰው ከሰል የሚገዛው ወዶ አይደለም፣ ስለ ከሰል ምድጃ ስታወሩ ሰምቼ ነው የምናገረው። ጭሱ አይኔን አጥፍቶታል። ማታ ማታ የማይወርድ መብራት ቢኖር እኮ የሰፈራችን ሴት ሁሉ ያን ምድጃ በማግስቱ ነው የምታፈርሰው።

ኢንጂነር ዘንዘልማ፦
እትዬ የሺ እርሶ ያሉትን በቁጥር ላስረዳ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማመንጫው አንሶ ነው የሚመስለው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ቤት ውስጥ ካለው እቃ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሰፈር ውስጥ የሚሰቀል 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር አለ፣ ቢበዛ 315 ሺ ዋት ማለት ነው፣ 90 ምጣድ ባንድ ላይ ሲለኮስ ሙሉ አቅሙ አለቀ፣ አምፖል ፍሪጅ ቲቪ ሳይቆጠር። ሰፈሩ ግን በየዓመቱ ኮንዶሚኒየምና ሰርቪስ ቤት እየጨመረ ነው። ሽቦው ደግሞ ቀጭንና ረጅም ከሆነ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት 220 ቮልት መሆኑ ይቀርና ወደ 176 ይወርዳል። ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው፣ በስኩዌር ነው። ቮልቱ 20 በመቶ ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት 36 በመቶ ይቀንሳል። አይን አላወጣ ያለው ለዛ ነው፣ ሊጡ ምንም አልሆነም።

የሽንብጡ፦
ታዲያ እኮ እኔን ነው የደገፍከው! ችግሩ ጉባ አይደለም 90ኛው ምጣድ ላይ ነው። በዛ ላይ በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፣ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፣ እሱስ ቻርጅ የሚደረገው ከየት ነው? ከዛው ከእትዬ የሺ ትራንስፎርመር። መኪናው ሲሰካ ምጣዱ ይሞታል።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦
ሁላችሁም «ንፁህ ነው ንፁህ ነው» ትላላችሁ፣ ከዚህ ጀምሩ እስቲ። እኔ ጢስ ዓባይ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ስራዬ ቱሪስት ማስጎብኘት ነው። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1956 ሲሰራ 11 ነጥብ 4 ሜጋዋት ነበር፣ ፏፏቴውን ምንም አላለውም፣ ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። በ1988 ጭራ ጭራ ላይ ከጣና የሚወጣውን የሚቆጣጠር በር ተሰራ። በ1993 ሁለተኛው ጣቢያ መጣ 73 ሜጋዋት፣ ከዛ በኋላ ነው ውሃው ወደ ቦዩ ዞሮ ገደሉ ባዶውን የቀረው። በ1995 ጣና ራሱ እንዴት እንደወረደ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ መርከብ እንኳን መሄድ አቆመ፣ ታንኳ ያለው ሰው ጭቃ ላይ ነበር የሚጎትተው። በግንቦት 2002 ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፣ 460 ሜጋዋት፣ 12 ኪሎሜትር ዋሻ ተቆፍሮ ውሃው ከሀይቁ በምዕራብ በኩል ወደ በለስ ሄደ።

የድሮውን አንድ ብር ኖት ጀርባውን ገልብጡት፣ ጢስ እሳት ነው ያለው። ከውጭ የመጣ ሰው ያንን ያህል ውሃ ጠብቆ በበጋ ይመጣና ገመድ የመሰለ ነገር አይቶ ይመለሳል። የከተማዋ ሰው ሻይ ቤት፣ ጀልባ፣ በቅሎ፣ ጨርቅ ሻጭ ሁሉ በሱ ነበር የሚኖረው። እኔ ውሃው አይመንጭበት አላልኩም። ግን ኩባንያ ካርቦን ቀነስኩ ብሎ ሲኮራ ውሃውን የሰጠው አካባቢ በሒሳቡ ውስጥ የታለ? በበጋ በቀን ይህን ያህል ውሃ ለፏፏቴው ይለቀቃል ተብሎ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ማንም የሚያየው ይሁን።

ጋሼ ባንቲ፦
የጢስ ዓባዩ ልጄ፣ ያልከው ልክ ነው እኔም አዝኛለሁ። ግን የጨርቃጨርቅ ጡረተኛ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። ያ 11 ሜጋዋት ባይኖር ፋብሪካው አይኖርም፣ ፋብሪካው ባይኖር ባህር ዳር አሁን ያለችው ባህር ዳር አትሆንም። ሶስት ፈረቃ ነበር የምንሰራው፣ የሌሊቱ ፈረቃ ሲወጣ የጠዋቱ ይገባል፣ መንገዱ በብስክሌት ይሞላ ነበር። ይሄ ሁሉ ያለ አንድ ጠብታ ናፍጣ፣ ካርቦን የሚባል ቃል ማንም ሳይሰማ። ስለዚህ ውሃውን የበላው መብራት ነው ብቻ አትበሉ፣ ያበላንም እሱ ነው።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ። ግን እርሶ ያሉት የ11 ሜጋዋቱን ጊዜ ነው፣ እኔም ያንን አልተቃወምኩም እኮ። ያን ጊዜ ፋብሪካውም ፏፏቴውም ነበሩ።

ኢንጂነር ዘንዘልማ፦
አንድ ነገር ግን በሐቅ እንነጋገር። በጢስ ዓባይ በኩል ያለው ቁልቁለት ከ50 ሜትር በታች ነው፣ በበለስ በኩል ከ300 ሜትር በላይ። ያው አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ከስድስት እጥፍ በላይ ያመነጫል። የበለስ ወንዝ ደግሞ መጨረሻው ህዳሴ ሀይቅ ነው፣ ስለዚህ የጣና ውሃ በለስ ላይ ሰርቶ ጉባ ላይ እንደገና ይሰራል፣ በፏፏቴው የወረደውም ጉባ ይደርሳል ግን የበለሱን አጥቶ ነው። ይህን ለፏፏቴው ብለህ ስትለቅ ምን ያህል እንዳጣህ ማወቅ አለብህ። ሆኖም አሁን 5150 ሜጋዋት ሲጨመር የበፊቱ ጭንቀት የለም፣ ቅዳሜና እሁድ ወይም በበዓል ሰሞን መልቀቅ የሚያቅት አይመስለኝም። ልቀቁ ብዬ እፈርማለሁ።

የፖሊ ተማሪ፦
ውሃ ውሃ ውሃ። ግንቦት 2011ን ረሳችሁት? ጊቤ ሶስት ውሃው ወረደ ተብሎ አገሩ በሙሉ ፈረቃ ገባ፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሄደው ሁሉ ተቋረጠ፣ እኛ ማትሪክ እያጠናን በሻማ ነበር። ከዛ በፊትም በ2001 ሌላ ፈረቃ ነበር። ህዳሴ ትልቅ ነው እሱም ግን ዝናብ ነው የሚጠብቀው፣ ኮይሻም ሲያልቅ ውሃ ነው። አመንጪው ኩባንያ ሊሰራው የሚገባው ትልቁ ስራ ይሄን ማመጣጠን ነው። የንፋስ ጣቢያዎቹን እዩ፣ አሸጎዳ 120 ሜጋዋት ነው፣ አዳማ ሁለት 153፣ አይሻም አለ፣ ግን ሁሉም ተደምሮ ከህዳሴ ጎን ትንሽ ነው። የሚገርመው የኛ አገር ንፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ወንዙ በሚቀንስበት ጊዜ ማለት ነው። ቀን ንፋስና ፀሐይ ሲሰራ ግድቡ ውሃውን ይይዛል ማታ ይለቃል፣ ባትሪ መግዛት እንኳን አያስፈልግም ግድቡ ራሱ ባትሪ ነው። የከርሰ ምድር እንፋሎቱስ? አሉቶ 7 ነጥብ 3 ሜጋዋት ላይ ስንት ዓመት ቆመ፣ ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠን።

የሽንብጡ ሰፈር ትራንስፎርመር ያስፈልጋል እሺ፣ ግን ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚገባ ነገር ከሌለ ምን ዋጋ አለው።

የፋግታው፦
እኔ ከአዊ ነኝ፣ ባህር ዳር ነው አሁን የምኖረው። ከሰል ከሰል ስትሉ ደን የሚጨፈጨፍ አድርጋችሁ ነው። ፋግታ ለኮማ ሂዱ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ራሱ ተክሎ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ከችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራበታል፣ ቀጥሎ ሳሩን ለከብት ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል መልሶ ይተክላል። ምንም የማያበቅል የነበረ አሲዳማ መሬት ነው ሰው ያደረገን። ቤተሰቤ ቆርቆሮ ቤት የሰራው በዛ ነው፣ እኔም የተማርኩት በዛ ነው። ዛፉ መልሶ ስለሚበቅል ካርቦኑም ይመለሳል። አሁን ዛፉ ላይ በሽታ ገብቶ ገበሬው ተጨንቋል፣ እናንተ ደግሞ ገበያውን በመብራት ልትዘጉት ነው። ታዲያ ኩባንያው ወደ ንፁህ ኃይል ሲያሻግር እኛን ወዴት ነው የሚያሻግረን?

የሽንብጡ፦
ወንድሜ ያልከው ትክክል ነው፣ የተተከለ ከሰልና ከዱር የተቆረጠ አንድ አይደለም፣ ቅድም መለየት ነበረብን። ሁለት ነገር ግን ልበል። አንደኛ በአፈር ተዳፍኖ ሲከሰል ከእንጨቱ ኃይል አብዛኛው እዛው ጭስ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ የሚወጣው ጋዝም ዛፉ ሲበቅል ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው አይነት ብቻ አይደለም፣ ሚቴን አለበት። ሁለተኛ ያንን ጭስ የሚተነፍሰው የኛ እናት ነች። ገበሬው ይከልከል የሚል ግን ከኔ አትሰማም፣ መስመሩ እናንተም ጋ ከደረሰ እንጨቱ ለጣውላና ለሌላ ስራ የሚሆንበት መሰንጠቂያ ማሽን እዛው ይቆማል። አሁን መሰንጠቂያው ላይኖር የሚችለው መብራት ስለሌለ ነው።

የፋግታው፦
መጀመሪያ መሰንጠቂያው ይቁም። ከዛ ከሰሉን እንነጋገራለን።

ኢንጂነር ዘንዘልማ፦
የሽንብጡ፣ እኔ ከኤክስፖርት አልወርድም፣ ግን አንድ ላይ ልንቆም የምንችልበት አለ። ከውጭ ሽያጭ ከሚገባው ዶላር ይሄን ያህሉ ለከተማ ስርጭት ብቻ ተብሎ ይታሰር፣ በየዓመቱም ስንት ትራንስፎርመር በየትኛው ከተማ እንደተቀየረ ይነገር። አስቸጋሪው ዶላሩ የሚገባው ለአመንጪው ነው፣ ትራንስፎርመሩ ግን የአከፋፋዩ ነው፣ ሁለት ድርጅት ሁለት መዝገብ። አመንጪው ከበር ላይ ሸጬ ጨርሻለሁ ብሎ መቀመጥ የለበትም፣ ያመነጨው ንፁህ መብራት ምጣዱ ላይ ካልደረሰ ካርቦን የቀነሰው በወረቀት ነው።

እትዬ የሺ (እንጀራ)፦
ኢንጂነር ልጄ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ሌሊት ስጋግር ኃይሉ ሙሉ ነው ብያለሁ። ታዲያ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ለምንጋግር ሰዎች ዋጋውን ለምን አይቀንሱልንም? እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ዳቦ ቤቱም እንጨት ቤቱም ሌሊት መስራት ይችላል።

ኢንጂነር ዘንዘልማ፦
እትዬ በጣም ጥሩ ነው ያሉት። ውሃ ስለሆነ ሌሊት ያልተጠቀምነው አይባክንም፣ ግድቡ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ለአመንጪው ብዙ ልዩነት የለውም። ትርፉ ትራንስፎርመሩ ላይ ነው፣ ከማታው ጭነት 20 ምጣድ እንኳን ወደ ሌሊት ቢሄድ አዲስ ሳይገዛ ጎረቤቱ ሁሉ 220 ያገኛል። ግን ሰዓት ለይቶ የሚቆጥር ቆጣሪ ያስፈልጋል፣ አብዛኛው ቤት ያለው እንደዛ አይደለም።

እትዬ የሺ (እንጀራ)፦
ቆጣሪውን እኛ የምንጋግረው ተሰባስበን ብንገዛውስ ይፈቀዳል? እሱን ጠይቅልኝ፣ በማህበር ነን፣ ማዋጣት እንችላለን።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦
ስትጠይቅ የኛንም አብረህ ጠይቅ፣ በበጋ ስንት ውሃ እንደሚለቀቅ የሚጻፍበት ሰሌዳ ጭራ ጭራ በሩ ላይ ይሰቀል በል።